ቄጠማ በግቢያችን ጥግ

ከደብረ ብርሃን አንዲት አንባቢ በላኩልኝ ደብዳቤ እንዲህ ሲሉ ይጠይቁኛል። «ከማድ ቤቴ በስተጀርባ ፀሐይ እኩል ቀን ብቻ የሚያገኘው፥ ክረምት ከበጋ ጭቃ የማያጣው አንድ ጥግ አለኝ። ጎመን ብተክልበት በሰበሰብኝ፤ ጽጌረዳ ብተክልበት ቅጠል እንጂ አበባ አላየሁም። ምን ይሻለኛል?» እኔም ሳላመነታ፥ ቄጠማ ይትከሉበት ስል እመልስላቸዋለሁ።

ይህን ስል ከአንባቢዎቼ ብዙዎቹ ፈገግ እንደሚሉ አውቃለሁ። ቄጠማ የበዓል ዋዜማ ሴቶች በጀርባቸው ተሸክመው አምጥተው በመንገድ ዳር የሚዘረግፉት፥ እኛም ተከራክረን ገዝተን የምንጎዘጉዘው ነገር ነው እንጂ ማን ይተክለዋል? እኔም እንዲሁ እል ነበር። ነገር ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚሁ ተክል ጋር ስታገል ከቆየሁ በኋላ፥ ለደብረ ብርሃኗ እመቤት የምነግራቸው ጥቂት ነገር አላጣሁም። ከምነግራቸው ውስጥ ግማሹ የራሴ ስሕተት መሆኑን አስቀድሜ ልናዘዝ።

የምኖረው አዲስ አበባ ውስጥ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነው። አከራዬ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ ወይዘሮ ናቸው። እኔ እማማ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ደስ ሲላቸው «ልጄ»፥ ሲከፋቸው «አቶ መምህር» ይሉኛል። የክፍሌ አንዲቷ መስኮት የምታየው ወደ ግቢው ጥግ ነው። ጥጉ ወርዱ ሁለት፥ ርዝመቱ ሦስት ሜትር ቢሆን ነው። በአንድ በኩል የውሃ ቧንቧው አለ፤ በሌላው በኩል ጎረቤታችን ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ከሠራ ወዲህ ከአምስት ሰዓት በኋላ ፀሐይ ዘወር ብላ አታየውም። ስለዚህ ጥጉ ሁልጊዜ ጭቃ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. በግንቦት ወር እማማ ሦስት ከረጢት ሲሚንቶ አስመጥተው በዕቃ ቤት አስቀመጡ። «ጭቃው ሰለቸኝ፤ ሊሾ አስደርገዋለሁ» አሉ። እኔ ደነገጥሁ። ከመስኮቴ ፊት ለፊት የጎረቤት ግንብ ቆሟል፤ ከግንቡ ሥር ያለችው ያቺ ጭቃ ደግሞ ሊሾ ከተደረገች፥ ጧት ስነሣ ከሲሚንቶ በቀር የማየው ነገር አይኖረኝም። አንድ ነገር ልትከልባት ብዬ ለመንኋቸው። ምን እንደምተክል ሲጠይቁኝ፥ ከአፌ የወጣው ቃል ቄጠማ ሆነ። እማማ ሳቁ። ከዚያም እንደ ዳኛ ቆፍጠን ብለው «እንግዲያውስ በቀዳም ስዑር አንድ እቅፍ ቄጠማ ካሳየኸኝ ጥጉ ያንተ ነው፤ ካላሳየኸኝ ሊሾው ይደረጋል» ሲሉ ፈረዱ።

የማስተምረው ሥነ ሕይወት ነውና በዕውቀቴ ተማመንሁ። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የምነግራቸው ነገር ነው። ሣርና ቄጠማ ሲያዩዋቸው ወንድማማች ይምሰሉ እንጂ ሁለት የተለያዩ ቤተሰቦች ናቸው። ጤፍ፥ ስንዴና ገብስ የሣር ወገን ናቸው። የሣር አገዳ ክብ ነው፤ አንጓ አለው፤ በአንጓና በአንጓ መካከልም አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ክፍት ነው፤ ቅጠሎቹ በሁለት ረድፍ ይወጣሉ። የቄጠማ ወገን አገዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ማዕዘን ነው፤ አንጓ አይታይበትም፤ ውስጡ ነጭና ለስላሳ በሆነ ነገር የተሞላ ነው፤ ቅጠሎቹም በሦስት ረድፍ ይደረደራሉ። አገዳውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይዛችሁ ብታሽከረክሩት፥ ሣሩ ያለ ችግር ይዞራል፤ ቄጠማው በጠርዙ ይቆረቁራችኋል። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት የሚዘረዝረው ትልቁ መጽሐፍ እንኳ ለየብቻ ነው ቦታ የሰጣቸው። ሣሮቹ በ7ኛው ቅጽ በ1995 እ.ኤ.አ. ሲወጡ፥ እነቄጠማ በ6ኛው ቅጽ በ1997 እ.ኤ.አ. ወጥተዋል።

ይህ የቄጠማ ቤተሰብ በዓለም ላይ ከአምስት ሺህ የሚበልጡ ዓይነቶች አሉት። የጣና ሰዎች ታንኳ የሚሠሩበት ደንገል የዚሁ ወገን ነው። የጥንት ግብፃውያን ከ4500 ዓመት በፊት ጀምረው ይጽፉበት የነበረው ፓፒረስም ይኸው ደንገል ነው። እኛ ቄጠማ የምንለውም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ሳይንቲስቶች ሲፔሩስ ብለው ከሚጠሩት ወገን ብዙዎቹ በዚህ ስም ወደ ገበያ ይወጣሉ።

ከዚህ ሁሉ ዕውቀት ጋር በሰኔ 2015 ዓ.ም. ከአንድ ሜዳ ዳር አገዳው ሦስት ማዕዘን የሆነ፥ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ ተክል ነቅዬ አመጣሁና በጥጉ ተከልሁት። ክረምቱ ገባ፤ ተክሉም እንደ ጉድ ተስፋፋ። በነሐሴ ወር ጥጉን ሞልቶ አለፈና ወደ እማማ የጎመን መደብ ገባ። እኔ በደስታ ሰከርሁ። ቁመቱ ግን ከአንድ ስንዝር አልበልጥ አለ። ገና ነው፥ ሕፃን ነው እያልሁ ራሴን አጽናናሁ።

በመስከረም ትምህርት ሲጀመር አንዱን ተክል ከነሥሩ ነቅዬ ለማስተማሪያ ክፍል ይዤ ገባሁ። «ይህ ቄጠማ ነው» ብዬ ሳልጨርስ፥ ከኋላ ወንበር ከጎጃም የመጣ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። «መምህር፥ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይኼ እኮ እንግጫ ነው። እኛ አገር ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ የሚነቀለው ነው። ሥሩን ይዩት፤ ፍሬ አለው።» አየሁት። እንደ መቁጠሪያ የተሰካኩ ጥቋቁር እንክብሎች ከሥሩ ተንጠልጥለዋል። ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ እኔም አብሬ ከመሳቅ በቀር ምን አማራጭ ነበረኝ?

በጎጃምና በጎንደር የእንግጫ ነቀላ ልጆች የሚናፍቁት የደስታ ቀን ነው፤ ከአደይ አበባ ጋር ሲጎነጎን ዐይን ይማርካል። በጎመን መደብ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነው። እንግጫ የሚባሉት ዓይነቶች ብዙ ሲሆኑ፥ ከነሱ ዘመዶች አንዱ የሆነው ሲፔሩስ ሮቱንደስ በዓለም ካሉት አረሞች ሁሉ ቀንደኛ እየተባለ የሚጠራ ነው። ምሥጢሩ ያለው በነዚያ እንክብሎች ነው። ቅጠሉን ስትነቅሉት እንክብሉ ተበጥሶ ከአፈር ውስጥ ይቀራል፤ ከዚያም እንደ አዲስ ይበቅላል። እኔ ሦስት ማዕዘኑን አየሁ እንጂ ሥሩን አላየሁም። እንግጫም የቄጠማ ቤተሰብ ስለሆነ አገዳው ሦስት ማዕዘን መሆኑ የማይቀር ነው። የመጽሐፉ ምልክት ሣርን ከቄጠማ ይለያል እንጂ ቄጠማን ከእንግጫ አይለይም። ይህን ለመለየት ከአፈሩ ሥር ማየት ያስፈልግ ኖሯል። የጉዝጓዙ ቄጠማ ሥር እንክብል የለውም፤ እንደ ጣት የወፈረ፥ በጭቃ ውስጥ በአግድም የሚሄድ ግንድ አለው፤ በላዩም ረጃጅም ቅጠሎች በጉንጉን ይወጣሉ።

እማማ ጎመናቸውን ሲያዩ «አቶ መምህር» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስድስት ቅዳሜ ሙሉ ስቆፍር ዋልሁ። መደቡን አንድ ክንድ ያህል እየገለበጥሁ፥ አፈሩን በወንፊት እየነፋሁ፥ እንክብሎቹን በቆርቆሮ እየለቀምሁ ከረምሁ። እነሱን ብስባሽ ውስጥ መጣል አይገባም፤ ፀሐይ ላይ አድርቆ ማቃጠል ነው። አሁንም ቢሆን አልፎ አልፎ አንዷ ብቅ ትላለች፤ ሳያት ልቤ ይደነግጣል።

የ2016 ዓ.ም. ፋሲካ ደረሰ፤ እኔም ባዶ እጄን ቀረሁ። በተዋዋልነው መሠረት ሊሾው መደረግ ነበረበት። ዳሩ ግን ግምበኛው ቀብድ ተቀብሎ ጠፋ። ዛሬ ነገ ሲል ግንቦት አለቀ፤ ዝናብ ማጉረምረም ጀመረ። እማማም በምሬት «አንተም ግምበኛውም ያው ናችሁ፤ አንድ ክረምት ጨምሬልሃለሁ» አሉኝ።

በዚህ ጊዜ መጽሐፌን ዘግቼ ወደሚያውቁት ሰዎች ሄድሁ። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን በሱሉልታ ሜዳ ውሃ የሚተኛበት መስክ አለ። በዚያ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አገኘሁና ጉዳዬን ነገርኋቸው። ጨፌ ነው የምትፈልገው አሉኝ። ጨፌ በኦሮምኛ እርጥቡን መስክም በላዩ የሚበቅለውንም የሚጠራ ቃል ነው። በጥንት ጊዜ ሸንጎ የሚቀመጠው በእንዲህ ያለ መስክ ስለ ነበር፥ የኦሮሚያ ምክር ቤት ዛሬም ጨፌ ይባላል። በኢሉባቦር ጨፌ ለቤት ክዳን ይታጨዳል፤ በቢሾፍቱ በእሬቻ ቀን ሰዎች እርጥብ ሣርና አበባ ይዘው ወደ ሆራ ሐይቅ ይወርዳሉ።

«አባቴ፥ በየበዓሉ ስንገዛው ከየት ይመጣል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። በእጃቸው ወደ መስኩ ዳር አመለከቱኝ። መስኩ በየቦታው ተመልጧል። «የዋዜማ ነጋዴ ቸኩሎ ይመጣል፤ በማጭድ የሚያጭደው ያጭዳል፤ ያልቻለው ከነሥሩ ይነቅላል። በዚያ በኩል ደግሞ አፈር እየተደፋ ቤት ይሠራል። ድሮ በጥር ከብት እዚህ ይሰምጥ ነበር፤ አሁን በኅዳር ይደርቃል» አሉኝ። እርጥብ መስክ የክረምቱን ውሃ እንደ ስፖንጅ ይዞ በበጋ ቀስ እያለ ለምንጩና ለወንዙ የሚለቅ መሆኑን እኔ ከመጽሐፍ ተምሬዋለሁ፤ እሳቸው ግን በከብቶቻቸው እግር ነው የሚለኩት። ለበዓል ደስታ ብለን የምንጎዘጉዘው ነገር ከየት እንደሚመጣ እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ አስቤ አለማወቄ አሳፈረኝ።

ሽማግሌው ከራሳቸው መስክ ጥቅጥቅ ካለው በኩል በመቆፈሪያ አንድ ጉንጉን ከነጭቃው ቆርጠው በማዳበሪያ ከረጢት ጠቀለሉልኝ። ገንዘብ አልቀበልም አሉ። «ሥሩን ፀሐይ አታሳየው፤ ዛሬውኑ ትከለው» ብለው ሸኙኝ። በሚኒባሱ ውስጥ ጭቃው በሰው ጫማ ላይ እየተንጠባጠበ ከረዳቱ ጋር የተጨቃጨቅሁትን ልተወው።

እንግዲህ የደብረ ብርሃኗ እመቤት እዚህ ላይ ልብ ይበሉልኝ። በመጀመሪያ ጥጉን አንድ ክንድ ያህል ጥልቀት አስቆፈርሁት። ከሥሩ አሮጌ ላስቲክ አነጠፍሁ፤ ከታች አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ በጎኑ ጥቂት ቀዳዳ አበጀሁለት። ይህም ውሃው ከታች እንዲቆይ፥ ትርፉ ግን እንዲሄድ ነው። በላዩ ጥቁር መረሬ አፈር ከበሰለ ፍግ ጋር ቀላቅዬ መለስሁበት። መረሬ ለቤት መሠረት ጠላት ነው፤ ለቄጠማ ግን የሚያህለው የለም፤ ውሃ አይለቅም። የቤታችሁ ግድግዳ ቅርብ ከሆነ ግን ቢያንስ ሁለት ክንድ ራቁለት።

ጉንጉኑን በቢላዋ ከፈልሁት። እያንዳንዱ ክፍል ሦስት ወይም አራት ቡቃያና ጥቂት ሥር ሊኖረው ይገባል። ቅጠሉን አንድ ስንዝር አስቀርቼ ቆረጥሁ፤ ያለዚያ ሥሩ ገና ሳይዝ ቅጠሉ ውሃውን አትንኖ ይጨርሰዋል። በክፍሎቹ መካከል ከክንድ ያነሰ ርቀት እየተውሁ ተከልሁ፤ አግድም የሚሄደውን ግንድ ከአፈሩ ሁለት ጣት በታች ብቻ ቀበርሁት። በጥልቀት የተቀበረው በሰበሰ፤ ሁለት አጣሁ። ጊዜው ሰኔ አጋማሽ ስለ ነበር የቀረውን ዝናቡ ጨረሰልኝ።

ስለ ጥላ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ቄጠማ በተፈጥሮው ፀሐይ የሚወድ የሜዳ ተክል ነው። ጨርሶ ፀሐይ በማያይ ቦታ ቅጠሉ ይቀጥንና ይተኛል። ጧት አራት ሰዓት ያህል ፀሐይ አግኝቶ ከዚያ በኋላ ጥላ ቢያርፍበት ግን፥ እኔ እንዳየሁት፥ ይስማማዋል። አፈሩ ቶሎ አይደርቅም፤ ቅጠሉም ለስለስ ብሎ ይረዝማል፤ ለጉዝጓዝ ደግሞ የሚፈለገው ይኸው ነው። ከባሕር ዛፍ ሥር ግን አትሞክሩት፤ ውሃውን ሁሉ ሥሩ ይቀድማችኋል።

ከባዱ ፈተና በጋው ነው። በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት በሳምንት ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለት ጀሪካን አጠጣሁት፤ አብዛኛው ጎመንና ድንች የታጠበበት፥ ሩዝ የታሸበት ውሃ ነው። የልብስ ሳሙና ዱቄት ያለበትን እጣቢ አንድ ቀን ብደፋበት በማግሥቱ የቅጠሉ ጫፍ ቢጫ ሆኖ አየሁት፤ ያን አልደገምሁም። ሌላው ጥንቃቄ፥ ጭቃ ይሁን እንጂ ውሃ በላዩ አይተኛ። በተለይ በቆላ ከተሞች ያላችሁ አደራ። ከእስያ የመጣችውና በ2016 እ.ኤ.አ. በቀብሪ ደሃር ከተማ ተገኝታ የታወቀችው የወባ ትንኝ፥ ሰው ባጠራቀመው ውሃ ሁሉ የምትራባ ናት።

ሚያዝያ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ቀዳም ስዑር ነበር። እንደሚታወቀው በዚያ ዕለት በየቤተ ክርስቲያኑ ለምለም ቄጠማ ይታደላል፤ ምእመናን በራሳቸው ላይ ያስሩታል፤ ለኖኅ የጥፋት ውሃ መጉደሉን በለምለም ቅጠል ያበሠረችውን ርግብ ለማስታወስ ነው ይባላል። ያን ጧት ቄጠማዬ እስከ ጉልበቴ ደርሶ ቆሞ ነበር። ሁሉንም ባጭደው አንድ እቅፍ ሞልቶ ይተርፋል። ነገር ግን በሚያዝያ፥ ዝናብ ሳይረጋ፥ ሁሉንም ብላጨው ሥሩ እንደሚዳከም ገብቶኛል። ሱሉልታ ያየሁትም ምላጭ የነካው መስክ ከዐይኔ አልጠፋም።

ስለዚህ ጥጉን በሦስት ከፈልሁት። አንደኛው ለፋሲካ፥ ሁለተኛው ለመስቀል፥ ሦስተኛው ለገናና ለጥምቀት እንዲሆን አሰብሁ። የፋሲካውን ብቻ፥ ከመሬት አራት ጣት አስቀርቼ፥ በማጭድ አጨድሁና ለእማማ ወሰድሁላቸው። ተቀብለው አሸተቱት። ከዚያ በክንዳቸው ለኩት።

«ይህ እቅፍ ነው እንዴ?»

«አይደለም እማማ፤ ግማሽ ቢሆን ነው።»

«የቀረውንስ ለምን አላጨድኸውም? በመስኮት አየዋለሁ እኮ።»

ነገርኋቸው። ገበሬውንም፥ የተመለጠውንም መስክ፥ ሥሩንም። እማማ ዝም ብለው አደመጡኝ፤ ሊሾው መጣ ብዬ ነበር። ቆይተው ከመቀነታቸው ገንዘብ ፈቱና «በል ሂድና ከመንገድ ዳር የጎደለውን ገዝተህ ና። ከነሥሩ የተነቀለ ከሆነ እንዳትገዛ» አሉኝ። ሦስት ሻጮች ዘንድ ዞሬ፥ ሥሩ የሌለበትን መርጬ አመጣሁ። ሁለቱን ቀላቅለው ጎዘጎዙት። ለእንግዶቹ ሁሉ የትኛው የግቢያቸው እንደሆነ በእግራቸው እየጠቆሙ ያሳዩ ነበር፤ አንዳንዴ ተሳስተው የተገዛውን ያሳያሉ፤ እኔ አላረምኋቸውም።

በአንዳንድ ቡና ቤቶች አሁን አረንጓዴ ፕላስቲክ ተነጥፎ ይታያል። አይጠወልግም፥ አይገዛም፥ አይጠረግም ይላሉ። እማማ ግን አንድ ቀን ረግጠውት ወጡና «ሽታ የሌለው ቄጠማ ምን ያደርጋል? እንደ ምንጣፍ ቢሉት ምን ነበረበት» አሉ።

ሦስቱ ከረጢት ሲሚንቶ አሁንም ዕቃ ቤት ናቸው። እርጥበት ገብቷቸው ሁለቱ ድንጋይ ሆነዋል። አንደኛውን ወደ ውጭ አስወጥተው ከቧንቧው አጠገብ አስቀመጡት፤ ጧት ፀሐይ ሲወጣ እላዩ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሳሉ።

ለደብረ ብርሃኗ እመቤት የቀረኝ አንድ ነገር ነው። አገርዎ ከአዲስ አበባ ይበርዳል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ሌሊት ቅጠሉን ሊያቃጥለው ይችላል። በኅዳር መጀመሪያ አንድ ጊዜ አጭደው ሥሩን በገለባ ወይም በደረቅ ሣር ይሸፍኑት፤ ሙቀት ሲመለስ ያቆጠቁጣል። ከሰኔ በፊት አይትከሉ። ሥሩን ከገበያ ቄጠማ ላይ አይፈልጉት፤ በአቅራቢያዎ እርጥብ መስክ ያለውን ገበሬ አስፈቅደው ከጥቅጥቁ በኩል አንድ ጉንጉን ብቻ ይውሰዱ። ከመትከልዎ በፊት ደግሞ ሥሩን ገልብጠው ይዩልኝ፤ እንክብል ካገኙበት ለእንቁጣጣሽ ልጆች ይስጡት።